የሽንት ቤት ቄጠማ

ቤት ልከራይ ስሄድ አስቀድሜ የማየው ሽንት ቤቱን ነው። ደላሎች ይስቁብኛል። «መምህርት፣ ዋናውን ቤት ሳታይው?» ይሉኛል። ዋናው ቤት ምን ያሳያል? ቀለም ተቀብቶ ይጠብቃል። የአከራዩን ሆድ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ጓሮ ዞሮ ሽንት ቤቱን ይይ። እኔ በሩን ከፍቼ ወለሉን በተረከዜ ሦስት አራት ጊዜ እመታዋለሁ። ሣር፣ ላስቲክ ወይም ጆንያ ለብሶ ካገኘሁት ደግሞ ሳላስገልጥ አልረግጠውም።

ማርም አልበላም። ጎጃም ተወልዶ ማር የማይበላ ሰው ሲያዩ «ስኳር አለብሽ እንዴ?» ብለው ያዝኑልኛል። የለብኝም። ይቀፈኛል። የማር ማሰሮ ሲከፈት ሽታው ገና ሳይደርሰኝ ምላሴ ላይ የሰው ጣት ይመጣብኛል።

ሁለቱንም አመል ያመጣሁት ከአንድ ግቢ ነው።

ግቢው ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ጊዜው ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከፊት የአከራያችን የእትዬ አቻምየለሽ ቤት አለ፤ ሊሾ ወለል፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ ደጁ ላይ ጽጌረዳ። ከኋላ እንደ ከብት ጋጣ የተደረደሩ ሦስት የጭቃ ክፍሎች አሉ፤ እነሱ የተከራይ ናቸው። አንደኛው የእኔና የእናቴ የታንጉት ነው። እናቴ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ትሠራለች፤ አባቴ መራዊ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ቀርቷል። መካከለኛው የመምህር ስመኘው ነው፤ የደምበጫ ልጅ፣ የሥነ ዜጋ አስተማሪ፣ ሲናገር ሁልጊዜ ጣቱን የሚያነሣ ወንደ ላጤ። የመጨረሻው የምሥራቅ ነው። ምሥራቅ መናኸሪያው በር ላይ ድንችና ቲማቲም ትሸጣለች። ሙሉ ጆንያ ድንች ከጋሪ ላይ ብቻዋን ታወርዳለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በዚያው እጇ፣ እንዳያመኝ ቀስ እያለች ፀጉሬን ትሠራኛለች።

ከሦስቱ ክፍሎች ዝቅ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ ሽንት ቤቱ አለ። የእኛ ነው ማለቴ ነው። እትዬ አቻምየለሽማ የራሳቸው ነበራቸው፤ ከቤታቸው ጎን በሲሚንቶ የተሠራ፣ በሩ ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት። የእኛው ጉድጓድ ላይ የተረበረበ እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ የተለሰነ ጭቃ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ነው። ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ደግሞ የጆንያ መጋረጃ።

ጽዳቱ በተራ ነው። ተራው የሚታወቀው በመጥረጊያው ነው። ሳምንቱን ሲያጸዳ የሰነበተ ሰው እሑድ ማታ መጥረጊያውን አጥቦ የሚቀጥለው ሰው ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ማንም ለማንም «ተራህ ደረሰ» አይልም። መጥረጊያው የቆመበት ደጃፍ ባለቤት ያውቀዋል። የሴት ንጽሕናዋ፣ አስተዳደጓ፣ ስሟ ሁሉ በዚያ መጥረጊያ ይለካል። ቶሎ ያልተነሣ መጥረጊያ ያየ ጎረቤት ምንም ሳይናገር ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ያ ይበቃል።

እትዬ አቻምየለሽን እወዳቸው ነበር። ይህን ሳልዋሽ ልናገረው። ዛሬ አንቱታውን ልነሣቸው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ ብሎኛል፤ ልማድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ «ነይ እስቲ ወለላዬ» ብለው ይጠሩኛል። ከማሰሮው አፍ ሰሃኑን ያነሡና በሌባ ጣታቸው ማር ጠቅሰው አፌ ውስጥ ይከቱታል። እንሶስላ ካቀላው ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር አጥርቼ እጠባለሁ። እናቴ ማር አልነበራትም። እናቴ የነበራት «ታጠቢ፣ አጥኚ፣ ዝም በይ» ነው። ከሁለቱ ማን ደግ እንደሆነ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግልጽ ነበር።

ያ ክረምት ከበድ ያለ ነበር። ጉድጓዱ ሞላ፤ የወለሉ ጭቃ እየረጠበ ረገፈና ርብራቡ አገጠጠ። ከቀዳዳው በስተቀኝ ያለው እንጨት ጠቁሮ፣ በስብሶ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። እናቴ እጄን ይዛ አስገብታ አሳየችኝ። «በግራ በኩል። ቆርቆሮውን ይዘሽ። ቀኙን እንዳትረግጪው። በጨለማ እንዳትገቢ።» ሁላችንም በግራ መርገጥን ተማርን። መስከረም ላይ ደግሞ ትሉ ወጣ። ጅራት ያለው ነጭ ትል ነው። ከቀዳዳው ወጥቶ ግድግዳውን እየተሳበ ይወጣል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይወድቅና በጫማ ሥር ጧ ይላል። አረንጓዴው ዝንብ ከዚያ ተነሥቶ መጥቶ የምሥራቅ ቲማቲም ላይ፣ የእኛ እንጀራ ላይ፣ የእኔ ከንፈር ላይ ያርፋል። ከየት እንደመጣ እናውቃለን። እያወቅን እንበላለን።

እናቴ እትዬ አቻምየለሽን መጀመሪያ በትሕትና ለመነቻቸው። «ሰው ሳይወድቅበት ቢያሳድሱልን» አለች። «ዝናቡ ያባራ» አሉ። ዝናቡ ሲያባራ «መስቀል ይለፍ» አሉ። መስቀል ሲያልፍ «እህሉ ይግባ» አሉ። ከዚያ ሽማግሌ ተላከባቸው። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «ያልተመቸው ሰው በሩ ሰፊ ነው ብለዋል» የሚል መልስ ይዘው መጡ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ አንድ አመሻሽ ሦስቱ ተከራዮች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ አልጋው ላይ ተኝቼ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አዳምጣለሁ።

«ራሳችን እናሠራውና ከኪራዩ ላይ እንቀንሰው» አለ መምህር ስመኘው ጣቱን አንሥቶ።

«እሱንም ጠይቄያቸዋለሁ» አለች እናቴ። «በግቢዬ አንድ ሚስማር የመታ ሰው ዕቃውን ውጭ ያገኘዋል ብለውኛል።»

«እንግዲያውስ ኪራዩን እንያዝባቸው።»

«በማግሥቱ ነው የሚያስወጡን» አለች ምሥራቅ። «አንተ ፍራሽህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። እኔ ድንቼን የት ልውሰደው?»

«ሕጉ እኮ ቤቱን ማደስ ያለበት አከራዩ ነው ይላል!»

«ሕጉ ይላል» አለች እናቴ። «እትዬ አቻምየለሽ ግን አይሉም።»

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለጤና ሰዎች ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ኅዳር ሃያ ሁለት የሚያይ ሰው እንልካለን ብለዋል። እሱ በዓይኑ አይቶ ከጻፈባቸው ሳይወዱ ያሠሩታል። የቀረን መንገድ ይኸ ብቻ ነው። እስከዚያ ማንም አይንካው። ተራው የኔ ነው፤ እኔ አላጸዳውም። እንዳለ ይቆይና ይየው።»

«ሽታው ይፈጀናል በያ» አለች ምሥራቅ።

«ሽታ ይሻላል» አለች እናቴ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ ጨብጬ የቀረሁት አንድ ነገር ነው፦ እናቴ ተራዋን አታጸዳም። ይባስ ብላ የማታውቀውን ሰው ጠርታ ልታሳየው ነው። የእናቴ ምክር ከዚያ ርብራብ በታች ያለውን ጉድጓድ ከእኛ እግር ለማራቅ መሆኑ በልጅ ጭንቅላቴ አልገባኝም። በእኔ ዓይን እናቴ ሰነፍ ነበረች፣ ያውም ስንፍናዋን ባደባባይ የምታሰጣ ሰነፍ።

መጥረጊያው ከደጃፋችን ሳይነሣ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሽታው ቤታችን ገብቶ ከትራሳችን ጋር ተኛ። ትልልቆቹ ጧት ጧት እሱን ሸሽተው በየሥራ ቦታቸው መጠቀም ያዙ። ቀዳዳው ዙሪያ የተጠራቀመውን ነገር አልዘረዝረውም። እኔ ግን ከሁሉ የጠላሁት መጥረጊያውን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ፣ እንደ ቆመ ሰው ሲጠብቀኝ አየዋለሁ።

ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን ናት። እትዬ አቻምየለሽ የእመቤታችንን ጽዋ ያወጡ ነበርና ቤታቸው ሰው ሞልቶ ዋለ። ማኅበርተኞቹ ሲበተኑ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ «ነይ እስቲ ወለላዬ» አሉኝ።

ወለሉ በቄጠማ ተሸፍኗል። ድፎ ዳቦ ሰጡኝ፤ ማሰሮውን ከፈቱ፤ ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸውን ሳያወጡ ጀመሩ።

«ነገ የመንግሥት ሰው ይመጣል አሉ። እናትሽ ደክሟት ነው መሰለኝ መጥረጊያዋን አላነሣችም። ሰውየው ያንን ጉድ አይቶ ስሟን ሊጽፍ ነው። ታንጉት ብሎ። መሥሪያ ቤቷ ድረስ ይወራባታል። ለሥራ የደረሰች ልጅ እያለቻት፣ አይ!»

አለቀስሁ። እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«ምን ያስለቅሳል? ጧት ተነሺና እናትሽ ሳትነቃ አጽጂላት። ይኸን ቄጠማ ደግሞ ሰብስበሽ ውሰጂ። ለእመቤታችን የተጎዘጎዘ ነው፤ ለእናትሽ ብዬ ነው። ጠርገሽ ስታበቂ ጥቅጥቅ አድርገሽ ጎዝጉዢው፤ እንግዳ አይደል የሚመጣው? እኔ እንደነገርሁሽ አትናገሪ። ባንች ሥራ ትደሰት።»

ሰውየው እንደሚመጣ ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ ለእመቤታችን ዝክር የጎዘጎዙትን ሣር፣ ካህን የባረከበትን፣ በልጅ እጅ አስይዘው ሽንት ቤት ላኩት። ይህን ያደረጉት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላለመግዛት ነው።

ሲነጋጋ ተነሣሁ። መጥረጊያውን ሳነሣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ክብራችንን ያነሣሁ መሰለኝ። አመድ በጣሳ፣ ውኃ በጀሪካን ይዤ ገባሁ። ትሉን ወደ ቀዳዳው ስጠርገው በመጥረጊያው ሣር ውስጥ እየተጠላለፈ ወደ እጄ ይወጣል። በነጠላ ጫማዬ ጣቶች መካከል ሞቅ ያለ ነገር ገባ። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ያስመለስሁትንም ጠረግሁት። እናቴ እንዳስተማረችኝ በግራ በግራ እየረገጥሁ ነው የሠራሁት። በመጨረሻ ቄጠማውን ጎዘጎዝሁ። በቀኝ በኩል ያ የጠቆረው እንጨት ዓይን ያስቀይም ስለነበር እዚያ ላይ እጥፍ አድርጌ አለበስሁት። ወደ ኋላ ቆሜ ሳየው የአውዳመት ቤት መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጧት ኮርቼ አላውቅም።

ሰውየው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ደብተር የያዘ። ምሥራቅ ገበያዋ ላይ ናት። እናቴ ከመሥሪያ ቤቷ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ወስዳ ቀርታለች፤ መምህር ስመኘውም አለ። እኔ የከሰዓት ተማሪ ነኝና ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ቆሜ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ። እትዬ አቻምየለሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤታቸው ወጡ።

እናቴ የጆንያውን መጋረጃ ገለጠችው።

«ይኸ ነው?» አለ ሰውየው።

ወለሉ አይታይም። ለምለም ቄጠማ ነበር፤ ሽታው እንኳ የአውዳመት ነው።

«ልጆቼ ንጹሖች ናቸው» አሉ እትዬ አቻምየለሽ ከኋላ። «ምን እንዳስቀየምኋቸው እንጃ።»

«ከሥሩ በስብሷል! ሣሩን እናንሣው!» አለ መምህር ስመኘው።

«ቆይ» አለ ሰውየው። ፊቱ ተቆጣ። «አይጸዳም፣ ሊፈርስብን ነው ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ስመጣ ቄጠማ ጎዝጉዛችሁ ትጠብቁኛላችሁ? መቀለጃ ነኝ? ማነው ይኸን የሠራ?»

እናቴ ወደ ታች አየች። እግሬን ነው ያየችው። በጣቶቼ መካከል አመድ አለ፤ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የቄጠማ ቅንጣቢ ተጣብቋል። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ፈገግ አልሁላት። እናቴ ወደ ሰውየው ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተራዬ ነበር።»

«አንች አይደለሽ ማመልከቻውን የጻፍሽው?»

«ነኝ።»

«እንግዲህ አስቀድማችሁ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ።» በአንድ እግሩ ደፉን መታ መታ አደረገው፤ ደፉ ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል? ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና እትዬ አቻምየለሽ «ከጽዋው የተረፈች» ወዳሉት ጠላ ሄደ።

መምህር ስመኘው ጣቱን አላነሣም። እናቴ አጠገብ መጥቶ ቀስ ብሎ «ምን ሰጡሽ?» አላት። እናቴ የጆንያውን መጋረጃ መልሳ ጣለችው። እሱም ምራቁን እንትፍ ብሎ ወጣ።

አሁን የልጅነት ቁጣዬን ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ ቆሻሻ ይልቅ የሚያስጠላኝ እሱ ነው። እናቴ ሥራዬን ቀማችኝ አልሁ። ትል የጠረግሁት እኔ፣ ያስመለሰኝ እኔ፣ «እኔ ነኝ» ያለችው እሷ! እናቴ በዚያች ቅጽበት እኔን ከሰው አፍ ለማውጣት ስሟን ሰጠች። እኔ ግን ሌባ አደረግኋት።

እናቴ ሰዓቷን አየች። ፈቃዷ አልፏል። አጎንብሳ አገጬን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና «አሁኑኑ ሂጂ፣ ያንን ሣር በሙሉ አውጥተሽ ጣይው» አለችኝ። «አንዲት እንዳትቀር። ምሥራቅ ሳትመጣ። ሰማሽ?»

«እሺ» አልሁ።

እሷ ለምን በራሷ እጅ አላወጣችውም? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አለቃዋ ክፉ ነበር፤ ደግሞ ስመኘው የተፋው ምራቅ ገና አልደረቀም። እሷም ይህን ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ የኖረች ይመስለኛል።

እኔ ሣሩን አላወጣሁም። ሥራዬን ቀምታ ደግሞ ጣይው ትለኛለች ብዬ አኮረፍሁ። ሄጄ እትዬ አቻምየለሽ ደጃፍ፣ ከጽጌረዳው ሥር ተቀመጥሁ። ሰውየው ጠጥቶ ሲሄድ እትዬ ወጥተው «ጎበዝ» አሉኝና ሁለተኛ ጣት ማር ሰጡኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሥራቅ ባዶ ሳፋዋን ይዛ ገባች። «ፀዲ፣ ያዥልኝ!» ብላ ሳፋውን ወረወረችልኝና ወደ ታች ሮጠች። መጋረጃውን ስትገልጥ «እሰይ!» ስትል ሰማኋት። ደስ ብሏት ነው፤ የታደሰ መስሏታል። ደስ ብሏት ረገጠችው፣ በቀኝ እግሯ።

እንጨቱ ሲሰበር ያሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። የምሥራቅ ጩኸት ግን መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። ከመናኸሪያው ሰዎች መጥተው ቆርቆሮውን ነቅለው ነው ያወጧት። አንድ እግሯ እስከ ጭኗ ሰጥሞ ሌላው ወደ ጎን ታጥፏል። ሲያወጧት ከወገቧ በታች ጥቁር ነበረች። ትሉ በቀሚሷ ላይ ይሳባል፤ ቄጠማው ከቆሻሻው ጋር ተለውሶ ጭኗ ላይ ተለጥፏል። የሰጠመው እግሯ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ሊወጣ ደርሷል። እትዬ አቻምየለሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው «እግዚኦ! ታንጉት ሣር ባትጎዘጉዝበት ኖሮ ታየው ነበር!» አሉ። ሁሉም ሰማ። እኔም ሰማሁ። ጥርሴ ላይ የተጣበቀው ማር ገና አላለቀም ነበር።

እናቴ አመሻሽ ላይ ገባች። የወደቀውን ወለል፣ የተረፈውን ቄጠማ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። «እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ።

በማግሥቱ እትዬ አቻምየለሽ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አስመጡ። አንድ የቀን ሠራተኛ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሰው። ከሰኔ እስከ ኅዳር የለመንነው ነገር ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጀው።

ወጌሻ ከማንኩሳ መጥቶ የምሥራቅን እግር አሰረላት፤ ሲፈታ ተጣሞ ገጥሟል። ወንድሟ ወደ ቡሬ ሊወስዳት በመጣ ጊዜ ምሥራቅ ጋሪ ላይ ተቀምጣ እናቴን አስጠራቻት። «ለማር ለዳቦ ሸጥሽኝ» አለቻት። «እጅሽ አይባረክ።» እናቴ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አንገቷን ደፋች። በወሩ እኛም ያን ግቢ ለቀቅን። መምህር ስመኘው እናቴን ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር፤ ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩዋት ወሬ ያቆማሉ። እኔም «ተራዋን ስለማታጸዳ ነው የሚጠሏት» እያልሁ ብዙ ዓመት ኖርሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት የክፍላችንን ወለል በመጥረጊያ ስጠርግ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። መጥረጊያውን ጥዬ ወጣሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም። እሷም አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

ዘንድሮ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ቡሬ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። ደላላው አንድ ግቢ ይዞኝ ገባ። እንደ አመሌ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» አልሁ። አንዲት ሴት በከዘራ እየተደገፈች ከቤት ወጣች፤ ቀኝ እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል። ገና ሳትናገር ነው ያወቅኋት።

«ደግ ጠየቅሽ» አለችኝ። ወስዳ በሩን ከፈተችና ወለሉን በከዘራዋ ደበደበችው። «ሲሚንቶ ነው። ውስጡ ብረት አለው። ዝሆን ቢቆምበት አይነቃነቅም። እኔ ተከራይ ሆኜ ያየሁትን ተከራዬ አያይም።» ዞር ብላ ተመለከተችኝ። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የፍኖተ ሰላም።»

«የማን ልጅ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «የታንጉት» አልሁ።

ፊቷ ተዘጋ። «ለታንጉት ልጅ ቤት የለኝም» ብላ ዞረች።

«እትዬ ምሥራቅ» አልሁ ከኋላዋ፣ «ቄጠማውን የጎዘጎዝሁት እኔ ነኝ።»

ቆመች። ደላላው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። እዚያው፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሁሉንም ነገርኋት፦ ጣቱን፣ ማሩን፣ አመዱን። «እማዬ አታውቅም ነበር። እግሬን አይታ ነው ያወቀችው። ከዚያ እርስዎ ሳይመጡ ሣሩን አውጪ ብላ አዘዘችኝ። እኔ ነኝ ያላወጣሁት። አኩርፌ።»

ምሥራቅ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝ። «ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«ፀጉሯን እሠራላት የነበረችው ልጅ።»

«አዎ።»

አለንጋ እንደ ጨበጠ ሰው ከዘራዋን ጨበጠችው፤ ከዚያ እጇን አላላች። «እናትሽን ስንት ጊዜ እንደረገምኋት ታውቂያለሽ? በየታቦቱ ደጅ ነው። እግሬ በጠዘጠዘኝ ቁጥር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምሥራቅ እርግማኗን አነሣች በያት። ዛሬውኑ ንገሪያት። ያንችን ነገር ግን ገና አላወቅሁም። ቤቱንም አላከራይሽም።»

በሩን ዘጋች። አልተቀየምኋትም።

መንገድ ዳር ቆሜ ለእናቴ ደወልሁላት። ምሥራቅን እንዳገኘኋት፣ ሁሉንም እንደነገርኋት፣ እርግማኑ እንደተነሣላት ነገርኋት። እናቴ እሰይ አላለችም፤ አላለቀሰችም። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማዬ?»

«እግሯስ?» አለች።

«ታነክሳለች። በከዘራ ነው የምትሄደው።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ እናቴ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀስታ ተናገረችው።

«ሣሩን አውጪ ብዬሽ ነበር እኮ።»